የሜችኒኮፍ እሾህ፦ የነጭ የደም ሴሎችን ውጊያ ያየው ሰው ሕይወት

በዚህ ቡለቲን ላይ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ስሕተት ብታገኙ በቀና ልብ እንድታርሙኝ አስቀድሜ እጠይቃለሁ። የማቀርብላችሁ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ነው። ሰውየው ከሞተ መቶ ዓመት አልፎታል። ሐኪም አልነበረም። ነገር ግን ዛሬ ስለ ነጭ የደም ሴሎች የምንማረውን ትምህርት መሠረት ከጣሉት ሰዎች ዋነኛው እሱ ነው። ስሙ ኢሊያ ሜችኒኮፍ ይባላል፤ ፈረንሳዮቹ ኤሊ ይሉታል።

ርዕሱን እንዴት መረጥኩት? በሄማቶሎጂ ልምምድ ላይ መምህራችን ከቁስል የተወሰደ መግል የተቀባበት ስላይድ ሰጡን። ስቴይን አድርገን በዘይት ሌንስ ስናየው ሜዳው በኒውትሮፊል ተሞልቷል። ኒውክለሳቸው በሦስትና በአራት የተከፋፈለ ነው። በአንዳንዶቹ ሆድ ውስጥ ግን ጥቃቅን ክብ ነጠብጣቦች ተሰብስበው ይታያሉ፤ የተዋጡ ባክቴሪያዎች ናቸው። ተራ በተራ እያየን ጉድ አልን። እኔ እኮ ከልጅነቴ ጀምሮ መግል ማለት ቆሻሻ ብቻ ይመስለኝ ነበር። መምህራችን መግል የጦር ሜዳ እንደሆነና አብዛኛው የወደቁ ነጭ ሴሎች አስከሬን መሆኑን አስረዱን። ከዚያ ይህን መጀመሪያ የተረዳው ማን እንደሆነ ጠየቁን። ፓስተር ያለ አለ፣ ኮኽ ያለም አለ። ሜችኒኮፍ ያለ ግን አንድም ሰው አልነበረም። በሃንድአውታችን ላይ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ እሱንም ማንም አላስታወሰውም።

ላይብረሪ ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ቦታ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ሜችኒኮፍ የግርሻ በሽተኛ ደም ሆን ብሎ ወደ ራሱ ሰውነት አስገባ ይላል። ግርሻን እኔ አውቀዋለሁ። የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ አጎቴ በክረምት በግርሻ ታሞ ነበር። የቀን ሥራ እየሠራ ከብዙ ሰዎች ጋር በአንዲት ጠባብ ክፍል ያድር ነበርና ቅማሉ ከዚያ ነው የመጣበት። ትኩሳቱ መጥቶ ጥሎት ለቀቀው፤ ዳንኩ ብሎ ሥራ ገባ። ከሳምንት በኋላ ትኩሳቱ ተመልሶ መጣ። ጤና ጣቢያ ሲወስዱት ደሙ ታይቶ መርፌ ተወጋ። ብዙም ሳይቆይ ከበፊቱ የባሰ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አልጋው ሁሉ ይንገጫገጭ ነበር። እናቴ መርፌው ወንድሜን ገደለው እያለች በነርሷ ላይ ጮኸች። ነርሷ አንድም ቃል አልመለሰችም። አጠገቡ ቁጭ ብላ ሌሊቱን ሙሉ ስትጠብቀው አደረች። አጎቴ ድኗል። ያ ሌሊት ግን ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አልገባኝም ነበር። የሜችኒኮፍን ሕይወት ስከታተል የዚያን ሌሊት መልስ አገኘሁት። ስለዚህ ታገሱኝና አብረን እንሂድ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ሜችኒኮፍ በ1845 በካርኮቭ ከተማ አቅራቢያ በሚገኝ መንደር ተወለደ። አካባቢው በዚያን ጊዜ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር ነበር፤ ዛሬ ዩክሬን ውስጥ ነው። አባቱ የንጉሡ ክብር ዘበኛ መኮንን የነበሩ ባለርስት ናቸው። እናቱ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለዱ፣ የጸሐፊ ልጅ ነበሩ። ለቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነው። አንድ ቦታ መቀመጥ የማይችል ቀዥቃዣ ልጅ ስለነበር ቤተሰቡ ይቸገር ነበር አሉ።

ልቡ ወደ ተፈጥሮ ጥናት የተሳበው ወንድሙን ሊያስጠና ቤታቸው በመጣ የሕክምና ተማሪ ምክንያት ነው። ተማሪው ዕፅዋት እየሰበሰበ ሲያሳየው ልጁ በዚያው ቀረ። ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ለሰፈር ልጆችና ለወንድሞቹ ስለ ዕፅዋት ሌክቸር ይሰጥ ነበር። እንዲያዳምጡት ከኪሱ ሳንቲም ይከፍላቸው ነበር! መምህር ሆኖ ተማሪውን የሚከፍል ማን አይቷል?

በካርኮቭ ዩኒቨርሲቲ የአራት ዓመቱን ትምህርት በሁለት ዓመት ጨረሰ። ከዚያ ወደ ጀርመንና ወደ ጣሊያን ሄዶ የባሕር እንስሳትን አጠና። አከርካሪ የሌላቸው እንስሳት ከእንቁላል ጀምሮ እንዴት እንደሚያድጉ መመርመር ሙያው ሆነ። በናፖሊ ከአገሩ ልጅ ከአሌክሳንደር ኮቫሌቭስኪ ጋር ሠርቶ በሃያዎቹ ዕድሜው መጀመሪያ ላይ ሽልማት አገኘ። በኦዴሳ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ከአንዳንድ ተማሪዎቹ ያንስ ነበር።

በእነዚያ ዓመታት በጠፍጣፋ ትሎች ላይ ሲሠራ አንድ ነገር አስተዋለ። ትሎቹ እንደኛ የተስተካከለ ሆድና አንጀት ሳይኖራቸው፣ አንዳንድ ሴሎቻቸው ራሳቸው ምግቡን ውጠው ይፈጩታል። አሜባ እንደሚያደርገው ማለት ነው። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ሁለት የጨለማ ጊዜያት

በ1869 ሉድሚላ የምትባል ወጣት አገባ። ሙሽራዋ በሳንባ በሽታ ስለተዳከመች ወደ ቤተ ክርስቲያን የገባችው በወንበር ላይ ሆና ሰዎች ተሸክመዋት ነው። ለአራት ዓመታት ከአገር አገር እየወሰደ ሊያድናት ታገለ። ለሕክምናዋ ገንዘብ ለማግኘት ያላስተማረው፣ ያልተረጎመው ነገር የለም። አልሆነም። በ1873 በማዴይራ ደሴት ላይ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። የራሱም ዓይኖች በማይክሮስኮፕ ሥራ ደክመው ነበር። ተስፋ ቆርጦ ራሱን ለማጥፋት ሞከረ፤ ግን ተረፈ። ከዚያ በኋላ በጄኔቫ ድልድይ ላይ ቆሞ በመብራት ዙሪያ የሚበሩ፣ ዕድሜያቸው ከሰዓታት የማያልፍ ነፍሳትን አየ። እነዚህ ፍጥረታት ለመብላት እንኳ ጊዜ ሳይኖራቸው የተፈጥሮ ምርጫ ሕግ እንዴት ይሠራባቸዋል ብሎ ማሰብ ጀመረ። በዚያች ጥያቄ ወደ ሥራው ተመለሰ ይባላል። ጥያቄ ሰውን ከሞት ሲመልስ ማየት ይገርማል።

በ1875 ኦልጋን አገባ። ኦልጋ በኦዴሳ እሱ ከሚኖርበት ቤት በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር ቤተሰብ ልጅ ነበረች። ሥነ እንስሳት እያስተማራት ነው የተዋወቁት። በሥራው ረዳቱ ሆነች፤ ከሞተ በኋላ የሕይወት ታሪኩን የጻፈችውም እሷ ናት።

በ1880 ኦልጋ ታይፎይድ ይዟት ለሞት ደረሰች። በዩኒቨርሲቲው ውስጥም የፖለቲካው ጭቅጭቅ አላስቀምጥ ብሎት ነበር። እንደገና ጨለማ ወረደበት። በ1881 የግርሻ በሽተኛ ደም ወደ ሰውነቱ አስገባ። ሞቱ ቤተሰቡን እንዳያሳፍር፣ ከሞተም ሞቱ ለሳይንስ እንዲጠቅም አስቦ ነው ይላሉ ታሪኩን የጻፉ። በጠና ታመመ፤ ትኩሳቱ መጣ፣ ሄደ፣ እንደገና መጣ። ግን ዳነ። ከበሽታው ሲነሳ ለሕይወት የነበረው ፍላጎት ከፊት ይልቅ ጨምሮ ነበር።

እኔ ይህን ታሪክ ለጀግንነት ምሳሌ አላቀርበውም። ሰውየው ታሞ ነበር፤ ሐዘኑ በሽታ ሆኖበት ነበር። ዛሬ ቢሆን ሰው ሊደርስለት፣ ሊታከም ይገባው ነበር። ከመካከላችን እንዲህ ያለ ጨለማ የደረሰበት ካለ ለሰው ይንገር እላለሁ። የሜችኒኮፍ ትልቁ ሥራ ሁሉ የተሠራው ከዚያ ሌሊት በኋላ መሆኑንም አትርሱ።

የመሲና እሾህ

በ1881 የሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ አሌክሳንደር ከተገደሉ በኋላ በዩኒቨርሲቲዎች ላይ የነበረው ጫና ባሰ። ሜችኒኮፍ በ1882 ሥራውን ለቀቀና ከኦልጋና ከታናናሽ ወንድሞቿና እህቶቿ ጋር ወደ ሲሲሊ ደሴት፣ መሲና ወደምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ሄደ። ሳሎኑን ላቦራቶሪ አደረገው። መሣሪያ ብሎ ነገር አንድ ማይክሮስኮፕ ነው።

አንድ ቀን ቤተሰቡ በሙሉ የሰለጠኑ ዝንጀሮዎች ትርኢት ለማየት ወደ ሰርከስ ሄደ። እሱ ብቻውን ቤት ቀርቶ የባሕር ኮከብ የምትባለውን እንስሳ እጭ ይመለከት ነበር። እጯ እንደ መስታወት ብርሃን የምታሳልፍ ናት፤ ሳትቆረጥ ሳትቀባ በቁሟ ውስጧ ይታያል። በሰውነቷ ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚንቀሳቀሱ ሴሎች አሉ። እነዚህ ሴሎች ምግብ የመፍጨት ሥራ የላቸውም፤ ታዲያ ለምን ይዞራሉ? ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣበት። ምናልባት ከውጭ የሚገባን ጠላት የሚከላከሉ ቢሆንስ? የጠፍጣፋ ትሎቹን ነገር ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ቀድሞ ምግብ የሚውጠው ሴል፣ አሁን ምግብ መፍጨት ሲቀርለት፣ ያንኑ የመዋጥ ችሎታውን ለመከላከያ ይጠቀምበታል ማለት ነው።

ሐሳቡ እውነት ከሆነ ቀላል ፈተና አለው። እሾህ እጃችን ላይ ሲሰካ ዙሪያው ይቀላል፣ ያብጣል፣ መግል ይይዛል። የባሕር ኮከብ እጭ ግን ደም ሥር የሚባል ነገር የላትም። እሷ ላይ እሾህ ቢሰካና ሴሎቹ ተጉዘው ቢከቡት፣ ሥራው የሴሎቹ እንጂ የደም ሥር መቆጣት ብቻ እንዳልሆነ ይታወቃል። ከግቢው አትክልት የጽጌረዳ እሾህ ቆርጦ ከእጮቹ ቆዳ ሥር ሰካ። በጉጉት እንቅልፍ አልወሰደውም። ሊነጋ ሲል ተነስቶ ሲመለከት ሴሎቹ እሾሁን ከበውት አገኘ።

እስቲ አስቡት። ይህ ሙከራ ስንት ብር ይፈጃል? የዛሬ ተማሪ ሪኤጀንት አለቀ፣ መሣሪያው ተበላሸ እያልን ስናማርር (እውነትም ያልቃል፣ ይበላሻል) ሰውየው በእሾህ አዲስ የሳይንስ ዘርፍ ከፈተ። እርግጥ እሾሁ ብቻውን አልበቃውም። ከኋላው አሥራ አምስት ዓመት ያህል ትሎችንና እጮችን ያየ ዓይን አለ።

ቀጥሎ ዕድል ቀናው። ዝነኛው ጀርመናዊ የፓቶሎጂ ሊቅ ሩዶልፍ ፊርኾ መሲና መጥቶ ስላይዶቹን አየለት። አበረታታው፤ ግን አስጠነቀቀውም። በዚያን ጊዜ ብዙ ሐኪሞች በነጭ ሴሎች ውስጥ ባክቴሪያ ያዩ ነበር፤ ግን የተረዱት በተቃራኒው ነው። ሴሉ ለባክቴሪያው መኖሪያና ማጓጓዣ ሆኖ በሽታውን በሰውነት ውስጥ ያሰራጫል ይሉ ነበር። ማለትም በልምምዳችን ያየነውን ያንኑ ስላይድ እነሱም አይተውታል። ከዳተኛ ነው ብለው የፈረዱበትን ሴል ሜችኒኮፍ ወታደር ነው አለ። በቪየና የሥነ እንስሳት መምህር የነበረው ካርል ክላውስ ከግሪክኛ ቃል አውጥቶ ስም አገኘለት፤ ፋጎሳይት፣ በላተኛ ሴል ማለት ነው።

የውኃ ቁንጫዋ

እሾህ ሕይወት የለውም። እሾህን መክበብ አንድ ነገር ነው፣ ከሕያው ጠላት ጋር ተዋግቶ ማሸነፍ ሌላ ነው። ለዚህ ማስረጃ የሰጠችው ዳፍኒያ ናት፤ በኩሬ ውስጥ የምትኖር፣ የውኃ ቁንጫ የሚሏት ጥቃቅን እንስሳ። እሷም ብርሃን ታሳልፋለች።

ዳፍኒያን የሚያጠቃ አንድ ፈንገስ አለ። ስፖሮቹ እንደ መርፌ የሾሉ ናቸው። ከምግብ ጋር ሲዋጡ የአንጀቷን ግድግዳ ወግተው ወደ ሰውነቷ ይገባሉ። ሜችኒኮፍ ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፍቶ ውጊያውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከታተለ። ስፖሩ ብቅ ሲል የደም ሴሎቿ ይጣበቁበታል፣ ይከቡታል፤ ስፖሩም ይፈራርሳል። ያን ጊዜ ዳፍኒያዋ ትድናለች። የገቡት ስፖሮች ከበዙና አንዱ አምልጦ ማቆጥቆጥ ከጀመረ ግን ፈንገሱ ይራባል፤ ሴሎቹ ይሸነፋሉ፤ እሷም ትሞታለች። በ1884 ይህን ጥናት በፊርኾ መጽሔት ላይ አሳተመ። መዳንና መሞት በሴሎቹና በጠላት ብዛት መካከል ባለ ውድድር እንደሚወሰን በሕያው እንስሳ ውስጥ ታየ። ከዚህ ፈንገስ ጋር ዝምድና ያላቸው እርሾዎች ዛሬ ሜችኒኮቪያ በሚል የእሱን ስም በያዘ ወገን ይመደባሉ።

ከዚያ ወደ ትልልቆቹ እንስሳት ተሻገረ። ትልልቅ ፋጎሳይቶችን ማክሮፌጅ አላቸው፤ ስሙ እስከ ዛሬ አለ። ትንንሾቹን ማይክሮፌጅ ብሏቸው ነበር፤ እኛ ዛሬ ኒውትሮፊል የምንላቸው ናቸው። በ1887 ደግሞ ወደ ራሱ በሽታ ተመለሰ። ግርሻ በያዛቸው ዝንጀሮዎች ላይ ሠርቶ ትኩሳቱ ሲለቅ ከደም ውስጥ የጠፉትን ጠመዝማዛ ባክቴሪያዎች በጣፊያ ፋጎሳይቶች ውስጥ አገኛቸው።

ክርክሩ

በ1886 ፓስተር ለእብድ ውሻ በሽታ ያገኘው ክትባት ዝናው ስለ ገነነ ኦዴሳ ውስጥም የባክቴሪያ ጥናት ጣቢያ ተከፈተና ሜችኒኮፍ ኃላፊ ሆነ። ሐኪም ባለመሆኑ የአካባቢው ሐኪሞች አልተቀበሉትም። የአባ ሰንጋ ክትባት የተሰጣቸው በሺህ የሚቆጠሩ በጎች ሲሞቱ ደግሞ ነገሩ አበቃ። በ1888 አገሩን ለቅቆ ሄደ። በርሊን ኮኽ በቀዝቃዛ ፊት ተቀበለው። ፓሪስ ላይ ፓስተር አዲስ በሚከፈተው ተቋሙ ውስጥ ክፍል ሰጠው። ደመወዝ ሳይጠይቅ ገባ፤ እስኪሞት ሃያ ስምንት ዓመት እዚያው ሠራ። አዲስ አበባ ጉለሌ አካባቢ ፓስተር የሚባለውን ቦታ የምታውቁ፣ ስሙ የመጣው በዚሁ በፈረንሳዩ ተቋም ስም አገራችን ከነበረው ላቦራቶሪ ነው።

የጀርመን ሊቃውንት ግን አልተኙለትም። በ1890 ቤሪንግና ኪታሳቶ ዲፍቴሪያንና መንጋጋ ቆልፍን የሚከላከል ነገር በሴረም ውስጥ አገኙ። ሴረም ማለት እኮ ሴሎቹ ከወጡ በኋላ የሚቀረው ፈሳሽ ነው! በ1894 ፋይፈር የኮሌራ ባክቴሪያዎች በተከተበ እንስሳ ሆድ ውስጥ፣ ከሴል ውጭ፣ እንደ ጨው ሲሟሙ አሳየ። ታዲያ ሴል ምን ያደርጋል? መከላከያው ፈሳሹ ነው ተባለ። በሽታን የሚከላከለው ሴሉ ነው ወይስ ፈሳሹ? ክርክሩ ሃያ ዓመት ያህል ፈጀ። ፈረንሳይና ጀርመን ከ1870 ጦርነት ወዲህ የተጣሉ ስለነበሩ የአገር እልህም ገብቶበት ነበር።

ሜችኒኮፍ ተከራካሪ ነበር። ጸጉሩ ተንጨባሮ፣ ኪሱ በወረቀት ተሞልቶ ጉባኤ ላይ ሲነሳ በስሜት ይናገር ነበር ይባላል። አንዳንዴም እልኸኛ ነበር፤ ከሴል ውጭ የሚሆነውን ነገር ለመቀበል ብዙ ዘገየ። በ1892 ኮሌራ ሲነሳ የኮሌራ ባክቴሪያ ራሱ ጠጥቶ ምንም አልሆነም፤ በፈቃዱ የጠጣ አንድ ሌላ ሰው ግን ለሞት ደረሰ። ይህ ዛሬ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት የማይታሰብ ነገር ነው።

የሚያስመሰግነው ነገር ግን ይኼ ነው። ሙቀት የሚያጠፋውንና ባክቴሪያን የሚያሟሟውን የሴረም ንጥረ ነገር፣ እኛ ኮምፕሊመንት የምንለውን፣ ያጠናው ዡል ቦርዴ በገዛ ላቦራቶሪው ውስጥ ይሠራ የነበረ ወጣት ነው። የመምህሩን ሐሳብ የሚቃረን ውጤት ይዞ መጣ፤ መምህሩም አላገደውም። ቦርዴ በኋላ የ1919 ኖቤል ተሸላሚ ሆነ። ከቤሪንግ ጋርም ቢሆን በሳይንስ እየተከራከሩ በግል ወዳጆች ነበሩ።

እርቁን ያመጣው እንግሊዛዊው አልምሮዝ ራይት ነው። በ1903 ከሥራ ጓደኛው ጋር በሴረም ውስጥ ያለ ነገር ባክቴሪያውን ሲለብሰው ፋጎሳይቱ በቀላሉ እንደሚውጠው አሳየ፤ ኦፕሶኒን አለው። ለኛ ሲገባን፣ ደረቅ እንጀራ ለመዋጥ ይከብዳል፣ ወጥ ሲነካው ግን ይወርዳል እንደማለት ነው። ፈሳሹ ወጡ፣ ሴሉ በላተኛው! ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የሚለው ተረታችን እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። በ1908 የኖቤል ሽልማት ለሁለቱም ወገን ተሰጠ፤ ለሜችኒኮፍ ስለ ሴሉ፣ ለጀርመናዊው ፖል ኤርሊኽ ስለ ፈሳሹ።

እርጎና እርጅና

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሐሳቡ ወደ እርጅና ዞረ። ስለ እርጅና የሚያጠናውን ትምህርት ጄሮንቶሎጂ ብሎ የሰየመው እሱ ነው። በትልቁ አንጀት ያሉ ባክቴሪያዎች የሚያመነጩት መርዝ ያስረጀናል ብሎ ያምን ነበር። በቡልጋሪያ እርጎ የሚጠጡ ገበሬዎች ዕድሜያቸው ይረዝማል ሲባል ሰምቶ እሱም በየቀኑ የረጋ ወተት መጠጣት ጀመረ። ወሬው በአውሮፓና በአሜሪካ ተዛምቶ የእርጎ ንግድ ደራ። እርጎ ለእናቶቻችን አዲስ ነገር አይደለም! ትልቁ አንጀት ጎጂ ነው ማለቱ ተሳስቶ ነበር። የአንጀት ባክቴሪያዎች ከጤናችን ጋር ግንኙነት አላቸው ማለቱ ግን ዛሬ ትልቅ የጥናት ዘርፍ ሆኗል።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ወጣት ተመራማሪዎቹ ወደ ግንባር ሄዱ፤ ላቦራቶሪው ባዶ ሆነ። ልቡም ታመመ። ሐምሌ 1916 በ71 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ ሞተ። አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ በፓስተር ተቋም ላይብረሪ ተቀመጠ።

ዛሬ የምናውቀው፣ የአጎቴም ሌሊት

ዛሬ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ4,000 እስከ 11,000 ያህል ነጭ ሴሎች እንቆጥራለን። መቅኔ በየቀኑ መቶ ቢሊዮን ገደማ ኒውትሮፊል ያመርታል። ማክሮፌጁ በየሕብረ ሕዋሱ ዘብ ቆሞ ጠላት ሲያገኝ ኬሚካል ይለቃል፤ ደም ሥር ይሰፋል፣ ኒውትሮፊል ግድግዳውን ሾልኮ ይመጣል፣ ውጦ በመርዛማ ኦክስጅንና በኢንዛይም ይገድላል። ሊምፎሳይቶች ዘግይተው ይመጣሉ፤ ግን ጠላትን ለይተው ያውቃሉ፣ አንቲቦዲ ያመርታሉ፣ ያስታውሳሉ። ኒውትሮፊላቸው መዋጥ እየቻለ መግደል የማይችል ሆኖ የሚወለዱ ልጆች አሉ፤ ኢንፌክሽን እየደጋገመ ያሠቃያቸዋል። አንቲቦዲ ኖሯቸውም ይታመማሉ፤ ሜችኒኮፍ ልክ እንደነበረ ከዚህ በላይ ምስክር የለም።

ወደ ግርሻ ልመለስ። ትኩሳቱ ለምን ይመላለሳል? ባክቴሪያው ልብሱን ስለሚቀይር ነው። ሰውነት ለመጀመሪያው ልብስ አንቲቦዲ ሠርቶ ያጠፋዋል፤ ትኩሳቱ ይለቃል። ጥቂቶቹ ግን ሌላ ልብስ ለብሰው ተደብቀዋልና ተባዝተው ይመጣሉ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሜችኒኮፍ በ1881 በገዛ ደሙ ውስጥ ያስገባው በሽታ የተቃዋሚዎቹንም ማስረጃ ይዞ ነበር። አንቲቦዲውም ፋጎሳይቱም እዚያው አንድ ደም ውስጥ አብረው ይሠሩ ነበር።

መርፌው ሲወጋ ደግሞ ባክቴሪያዎቹ በአንድ ጊዜ ይሞታሉ። ነጭ ሴሎቹ ይህን ሲያገኙ ቲኤንኤፍንና ሌሎች ኬሚካሎችን በብዛት ይለቃሉ፤ መንቀጥቀጥ፣ ኃይለኛ ትኩሳት፣ የደም ግፊት መውረድ ይመጣል። በ1996 በታተመ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በግርሻ ሕሙማን ላይ በተደረገ ጥናት ቲኤንኤፍን የሚያግድ አንቲቦዲ ከፔኒሲሊን በፊት ለተሰጣቸው ሰዎች ይህ መንቀጥቀጥ ቀንሶላቸዋል። አጎቴን ያንቀጠቀጠው መርፌው አልነበረም ማለት ነው። የራሱ ወታደሮች ነበሩ። ሠራዊት ሲዋጋ ሰብልም ይረግጣል። ሜችኒኮፍ የቁስል መቆጣት ጥቅም እንዳለው አስተማረን፤ ከእሱ በኋላ የመጡት ደግሞ ልኩን ሲያልፍ እንደሚጎዳ ጨመሩበት። ነርሷ ዝም ብላ ሌሊቱን የተቀመጠችው ይህን ስለምታውቅና ግፊቱ እንዳይወርድ ስለምትጠብቅ ነበር።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሰው ሕይወት ሦስት ነገር ተምሬአለሁ። አንደኛ፣ ሁሉም ያየውን ስላይድ በሌላ ጥያቄ ማየት ይቻላል። ሁለተኛ፣ ሰው በትልቁ ነገር ልክ ሆኖ በሌላው ሊሳሳት ይችላል፤ ስለዚህ ተማሪውን ዝም ማሰኘት የለበትም። ሦስተኛ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ የምንቆጥረው ሴል የአንድ ሰው ሴል ነው፤ ከበር ውጭ የምትጮህ እህት አለችው።

ለበዓል ቤት ስሄድ ለእናቴ ይህን ሁሉ በቀላሉ አስረዳኋት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ ያቺ ነርስ አሁን የት እንደምትሠራ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። እናቴ ካገኘኋት ይቅርታ እጠይቃታለሁ አለች። እኔም ነገ ጤና ጣቢያ ስመደብ መርፌ ከመወጋቱ በፊት ለታማሚው ቤተሰብ ምን ሊመጣ እንደሚችል አስቀድሜ እንድናገር ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። እናንተም በልምምድ ክፍል ያንን ስላይድ ስታዩ አንድ መቶ ቆጥራችሁ ብቻ አትለፉት።